መርዶው ከማጣሪያው በኋላ

ወንድሜ ነጋ ሞቶ እኔ እህቱ ሳላለቅስ ሰነበትኩ። ጥቁር በመልበስ ፈንታ ብርቱካናማ የደጋፊ ሹራብ ገዝቼ የክሪኬት ሜዳ ዳር ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ጉድ በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም።

ነገሩ ሁሉ በኮከብ ምክንያት ነው። ኮከብ የነጋ ልጅ ናት። እናቷን በሕፃንነቷ አጥታ ሆላንድ አገር ቢልመር በሚባል ሰፈር ከእኔና ከአባቷ ጋር አደገች። ነጋ ጡረታ ሲወጣ አገሬ ልሙት ብሎ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ፤ እሷ ግን እዚሁ ቀርታ ለሆላንድ የሴቶች ክሪኬት ብሔራዊ ቡድን ኳስ ትወረውራለች። አባቷ ሲታመም ልምጣ ብላው ነበር። እሱ ራሱ ነው መጀመሪያ ጨዋታሽን ጨርሺ ያላት።

የሞቱ ወሬ የደረሰን ቡድኗ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሮተርዳም ከገባ በኋላ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ አበጋዝ ቤታቸው ሰበሰቡን። መርዶ ገና ሳይነጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል እንጂ በስልክ አይነገርም፤ በዚህ ላይ ሁላችንም ተስማማን። ያከራከረን ቀኑ ነው። እኔ ነገውኑ ይነገራት አልኩ። አቶ አበጋዝ ግን የውድድሩን ደንብ አጠያይቀው ነበር። አንዲት ተጫዋች ከቡድኑ ከወጣች ሌላ ትተካለች፤ የተተካች ደግሞ ኮሚቴው ካልፈቀደ አትመለስም።

"ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት ነው። እስኪያልቅ እንቻለው" አሉ።

ቻልነው። አዲስ አበባ ያሉትን ዘመዶችም ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉ አስማልናቸው።

ይህ ክሪኬት የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚተዳደር የገባኝ ያን ሰሞን ነው። ዱባይ የተቀመጠ ምክር ቤት አለ። ሙሉ አባል የሚባሉት አሥራ ሁለት አገሮች ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ተባባሪ ይባላል። ሆላንድም ተባባሪ ናት። ልክ እንደ እድር ነው፤ መሥራቾቹ ፊት ወንበር ይይዛሉ፣ ዘግይቶ የገባው በር ላይ ይጋፋል። በዚህ ማጣሪያ የተረፈው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እኛን በየቢሮው ደጅ የምታስጠና አገር ራሷ ደጅ ስትጠና ማየት በሌላ ጊዜ ያስቀኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ሳቅ ከየት ይምጣ?

በጨዋታ ቀን ቁማርተኛ እንዳይደውልላቸው የተጫዋቾቹን ስልክ ይሰበስባሉ። ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው መረቅሁት። ማታ ስልኳን ስትቀበል ትደውልልኝና ስለ አባቷ ትጠይቀኛለች። ኦክስጅን ላይ ነው፣ ሐኪሙ እንዳያወራ ከልክሎታል እላታለሁ። እንዳትጠረጥርም ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ እየሄድኩ እታይላት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ካሸነፉ ያልፋሉ ተባለ። ጨዋታው ገና ሳይጋመስ ዝናቡ ወረደ። ሜዳውን ሸራ አለበሱት፣ ገፈፉት፣ መልሰው አለበሱት። ከጎኔ የተቀመጡ የሱሪናም ሽማግሌ አስረዱኝ፤ ጨዋታው ከተሰረዘ ሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ይካፈላሉ፣ ያን ጊዜ የምታልፈው በነጥብ የምትበልጠን ተጋጣሚያችን ናት፤ ተለዋጭ ቀን ደግሞ ለዚህ ማጣሪያ አልተያዘም። ለትልልቆቹ ቢሆን ይያዝ ነበር ብለው ተከዙ። ወዲያው ዳኞቹ ጨዋታው ተሰርዟል ብለው ተጨባበጡ፤ የልጅቱ ልፋት በዚሁ ቀረ።

የእኔ ድርሻ ኮከብን ቢልመር አምጥቼ ማሳደር ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ሊነጋ ሲል ሊያረዷት ይመጣሉ። ሮተርዳም ጣቢያ ስንደርስ ግን ወደ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ባቡር ጋ መራችኝ። ለዚያው ማታ የአዲስ አበባ ቲኬት ቆርጣ ኖሯል።

"ክላር" አለች በሆላንድኛ። "አለቀ። ካለፍን ልቀር፣ ከወደቅን ዛሬውኑ ልሄድ ብዬ ነበር። አባዬን በዓይኔ ልየው" አለችኝ።

ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ፊቷ ግን ፈካ ብሏል። ባለማለፋቸው ደስ ያላት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ዛሬ እደሪ፣ ደክሞሻል፣ ልብስሽም እርጥብ ነው እያልኩ ለመንኳት፤ አውሮፕላን ላይ እተኛለሁ አለች። ባቡሩ ሊመጣ ነው። ብቻዋን ሄዳ ከለቅሶ ድንኳን ጋር ትጋፈጥ? አቶ አበጋዝንም ልማዱንም ተውኩት።

"ኮከብዬ፣ ነጋ የለም" አልኳት።

አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"መቼ?"

"ማክሰኞ አረፈ። ረቡዕ ተቀበረ።"

በጣቷ ቀኖቹን ቆጠረች።

"ረቡዕ አራት ዊኬት ወሰድኩ፤ አራት ሰው ከጨዋታ አስወጣሁ" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ እዚያ ነበርሽ። አጨበጨብሽልኝ።"

"አጨበጨብኩ" አልኳት።

የስኪፖሉ ባቡር መጥቶ ቆመ። አብሬያት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የያዝኩት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። እጄን ብዘረጋላት ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አንስታ በመካከላችን አስቀመጠችው።