የዘንዶው ሁለተኛ ዐይን

ማኅሌት የመጨረሻውን ቤት ጣሪያ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ኮላው እስኪደርቅ ስትጠባበቅ፣ አባቷ አለቃ ወልደ ዮሐንስ ከቅዳሴ ተመልሰው የሳሎኑ በር ላይ ቆሙ።

ትናንት ራት የበሉበት ጠረጴዛ አሁን ከተማ ሆኗል። ከነጭ ፎም የተቀረጹ ማማዎች በደረቁ የደንገል አገዳዎች ላይ ከፍ ብለው ቆመዋል። ጣሪያቸው ከእንቁላል ካርቶን ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ አጥራቸው ስቴኪኒ ነው። በመካከላቸው ያለው ሐይቅ በሰማያዊ ቀለም ላይ ቫርኒሽ ተደራርቦበት፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ እንደሚታየው ጣና ያብረቀርቃል። በሐይቁ ላይ ረጅም ድልድይ ተዘርግቷል።

አለቃ ኩታቸውን አስተካከሉ።

"ይህ የየት አገር ከተማ ነው?"

"የየትም አይደለም፣ አባዬ። ሀገረ ደንገል ብየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼ መጥተው ይጫወቱበታል።"

"ትልልቅ ሰዎች?"

"አዎን። ጌትነት እንኳ የባንክ ሠራተኛ ነው።"

"ገንዘባችንን የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ሰው ነው?"

ማኅሌት ሣቀች። አለቃ ግን ወገባቸውን ሳያጎነብሱ በዐይናቸው ብቻ መንገዶቹን መረመሩ።

"ይህ ከዘጌ ከላክሁልሽ ቡና የወጣ ገለባ አይደለም?"

"ነው። ቡናውን ጠጣሁት፤ ገለባውን አፈር አደረግሁት።"

"ደግ አደረግሽ። አልባከነም።"

በጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠውን ዳይስ ባዩ ጊዜ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ቁማር በልጄ ቤት!"

"ገንዘብ የለበትም፣ አባዬ። እኔ ታሪኩን እመራለሁ፤ እነሱ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይሆናሉ። ጀግናው የሞከረው ነገር ተሳክቶለት እንደ ሆነ ዳይሱ ይለያል።"

"በጌታችን ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉትም ገንዘብ አላስያዙም። እኔ በዚህ ጠረጴዛ አልቀመጥም። በከሰዓቱ ጀልባ ወደ ዘጌ እመለሳለሁ።"

ማኅሌት የተመኘችው እንዲቀመጡላት ሳይሆን ብሩሽ እንዲያነሡላት ነበር። አለቃ ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሠፈራቸው ደብር በማተሚያ ቤት የታተመ ሥዕል በሰቀለ ዓመት ብሩሾቻቸውን አጥበው አስቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም ሥለው አያውቁም። ልጃቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቀለም ክፍል ስለምትሠራ የፈለገችውን ቀለም መበጥበጥ ትችላለች። ለፊት ነፍስ መስጠት ግን የአባቷ እጅ እንጂ የእርሷ አልነበረም። ስለዚህም ከሽቦና ከወረቀት የሠራችው የሐይቁ ዘንዶ እስካሁን ነጭ እንደ ሆነ ቀርቷል።

"ይህን ብቻ ይሣሉልኝ" አለች ዘንዶውን ወደ እርሳቸው ገፋ አድርጋ። "ዐይኑን ደጋግሜ ሞከርሁት፤ በሞከርሁት ቁጥር ዶሮ ይሆንብኛል።"

"ብሩሼን አጥቤ አስቀምጫለሁ።"

"እንግዲያስ ዛሬ ሀገረ ደንገልን የሚያስፈራራት ዶሮ ነው።"

አለቃ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ዘንዶውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ክፉ ነው ወይስ በጎ?"

"ገና አልታወቀም። ጨዋታው ሲያልቅ ይለያል።"

"እኔ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ስንት ዘንዶ ሥያለሁ። ሁሉም በጎን የሚታይ፣ ሁሉም ባለ አንድ ዐይን ነው። ክፉ በአንድ ዐይን ይሣላል፤ በጎ በሁለት። ያልታወቀ ነገር እንዴት ይሣላል?"

"ለዚህ መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው" ብላ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ስትመለስ አባቷ እንደ ቆሙ በቀጭኑ ብሩሿ ይሠሩ ነበር። ቅርፊቱ አንድ በአንድ አረንጓዴ ለበሰ፤ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም ተከበበ። ከዚያ በቀኙ በኩል፣ በዘጌ ግድግዳዎች ላይ እንዳሉት ያለ ትልቅና ጥቁር ዐይን ተከፈተ። ግራው ነጭ እንደ ሆነ ቀረ።

"ሁለተኛውስ?"

"ሥራው ሲታይ" አሉ አለቃ፣ ብሩሹን ውኃው ውስጥ እያኖሩ።

ጌትነት እና ነርሷ መሲ ሲገቡ ከተማውን አይተው በሩ ላይ ጮኹ። ጌትነት ቶሎ ብሎ ወደ ዘንዶው ጎነበሰ።

"አለቃ፣ አንድ ዐይን ረስተዋል እኮ!"

"አልረሳሁም።"

"መሲ፣ ሕመምተኛ መጥቶልሻል።"

"እኔ ሕፃናት ነው የምከትብ። ክንዱን አሳየኝና ልውጋው።"

ጨዋታው ተጀመረ። አለቃ የጉዞ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አኑረው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ማኅሌት ዘንዶውን በድልድዩ ሥር ጠመጠመችው፤ ከበታቹ ወርቅ እንዳለ፣ የከተማው ሰውም እንደሚፈራው ተረከች።

ጌትነት የእርሱ ጀግና የሆነውን ትንሽ የጦረኛ ቅርጽ ወደ ግራ አዞረ። "ከማያየኝ ጎን እገባለሁ። ሰይፌን መዝዣለሁ።"

"ሌባ!" የሚል ድምፅ ከግድግዳው በኩል መጣ።

"ኧረ አለቃ፣ ብልሃት ነው!"

"የሌባ ብልሃት ነዋ!"

መሲ እየሣቀች የእርሷን ፈዋሽ ወደ ቀኝ ወሰደችው። "እኔ በሚያየኝ በኩል እቆማለሁ። ለምን እዚህ እንደ ተጠመጠመ እጠይቀዋለሁ።"

ማኅሌት ድምፅዋን አወፈረች። "ምሰሶው ከተሰበረ ወዲህ ድልድዩን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ብነሣ በላዬ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሐይቅ ይገባል።"

አለቃ ከግድግዳው ተላቀቁ።

"ውሸቱን ቢሆንስ? ወርቁን የሚጠብቅበት ዘዴ ቢሆንስ?" ጌትነት ዳይሱን በጭብጡ አንኳኳ። "ዳይሱ ይፍረድ!"

"ቆይ!" አሉ አለቃ።

ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ ብሩሹን አነሡ፤ ጫፉን በከንፈራቸው አሾሉ። አንድ ቅስት ከላይ፣ አንድ ከታች፣ በመካከሉ ጥቁር ብሌን፣ በብሌኑ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ። ዘንዶው በሁለቱም ዐይኖቹ ጌትነትን ተመለከተው።

"አለቃ፣ ይህ በሕጉ ውስጥ የለም!"

"አሁን ያይሃል። እንግዲህ ወንድ ከሆንህ ምታው።"

ጌትነት ጎንበስ ብሎ ዘንዶውን ተመለከተ። ቀና ብሎም ማኅሌትን አየ። ከዚያ ዳይሱን አኖረና ከጦረኛው እጅ ሰይፉን ነቅሎ ድልድዩ ላይ አጋደመው።

"እንዲህ እያየኝ እንዴት አድርጌ እመታዋለሁ?"

መሲ እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያው ቅጽበት ከሐይቁ በኩል የጀልባው ጥሩንባ ተሰማ። ማኅሌት የአባቷን ቦርሳ አነሣች።

"አባዬ፣ ጀልባው እንዳያመልጥዎ።"

አለቃ አልዞሩም። ዐይናቸው ከድልድዩ በታች ነበር።

"ይህ ፍጥረት ይህን ሁሉ ተሸክሞ እስከ መቼ ይኖራል? ምሰሶ ያስፈልገዋል" አሉ። ኩታቸውን አጥፈው በወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖሩ፤ ወንበሩን ሳቡና ከዳይሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ፎሙንና ቢላዋውን አቀብይኝ።"