ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት

ደምሰው በ1977 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ ከጂንካ በላይ ባለችው ገዘር አባቱ ቤት ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣው አንድ ወረቀት ነበር። በዓመቱ ጤነኛ መሆኑን ከጤና ጣቢያ አስጽፎ ካልተመለሰ ቦታው ይሰረዛል ይላል። ወረቀቱን የሰጠችው የተማሪዎች አማካሪ፣ «ሁሉ ነገር ደንዝዞበት እዚህ ቢሮ የመጣ ተማሪ ዘንድሮ አንተ አርባኛው ነህ፤ ብቻህን አይደለህም» ብላው ነበር። አርባ መሆናቸው አላጽናናውም፤ አላሳዘነውምም።

አባቱ አቶ ዳርጌ ለጎረቤት «ለእረፍት ነው የመጣው» አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ገዘር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚተርቱት ግን ለሆድ ቁርጠት ነው እንጂ ለእንዲህ ያለው ነገር አይደለም።

እዚያ አገር ጤና የሚለካው በዶማ ነው፤ የቆፈረ ሰው ደኅና ነው። ደምሰውም ደቦ በተጠራበት ሁሉ እየሄደ ዓመቱን ሙሉ ቆፈረ። «ተምሮ አፈር ያልናቀ» እያሉ መረቁት፤ የዳርጌ ደረት ተነፋ። የሚቆፍረው ዶማ ማንሳትና መጣል ሐሳብ ስለማይጠይቅ መሆኑን ማን ይጠርጥር?

ዓመቱ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው፣ ተናኜ የምትባል ጎረቤት ማሳ ላይ ደቦው ለምሳ ተቀመጠ። ደምሰው ግን ድንበሩን አልፎ ቀጠለና የበቀለ ባቄላ ገለበጠ። «ጉልበቱ አልበቃው ብሎ ነው» ብለው ሳቁ። እህቱ ዘሪቱ ሄዳ ዶማውን ስትቀማው መዳፉ ተልጦ ይደማል።

«አላመመህም?»

«እንጃ» አላት።

በማግስቱ አባትና ሁለቱ ልጆች ወረቀቱን ሊያስጽፉ ጂንካ ጤና ጣቢያ ወረዱ። ድሬሰሩ ወርቅነህ፣ ሰው ሁሉ ዶክተር የሚለው የጤና ረዳት፣ ተሰላፊው እየሰማ ጠየቀ።

«ይበላል?»

«ይበላል ዶክተር» አሉ ዳርጌ።

«ይሠራል?»

«ከእኔ በላይ።»

ወርቅነህ ማኅተሙን አነሳ። ደምሰው ማኅተሙን ያያል፤ ቢመታም ባይመታም ለእሱ ያው ነው። ዘሪቱ ግን የወንድሟን የተላጠ እጅ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባባ፣ ትናንት ባቄላውን ሲገለብጥ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። አዲስ አበባ ማን አለው? ማን ያስቆመዋል?»

ዳርጌ መዳፉን አዩት። ከቀበሌያቸው ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ደምሰው ብቻ ነው፤ ቦታው ከተሰረዘ ሌላ የለም። ሰልፉ ውስጥ የገዘር ሰዎች እንዳሉም ያውቃሉ። ድምፃቸውን ግን አልቀነሱም።

«አይመታ ዶክተር። ልጄ ታሟል። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ደምሰው ሰማ። አባቱ በሰው ፊት ዋሸሁ ብለው አያውቁም። ሊያለቅስ የሚገባው ሰዓት እንደሆነ ገባው፤ እንባው ግን አልመጣም። አባቱ አጠገብ ቆሞ፣ እንዲመጣ ጠበቀ።