ለዊልኪን የበራ ሻማ

«እማማ፣ ሻማው ካልጠፋ ገመዱን አላገናኝም፤» አለ ባትሪውን ሊገጥም የመጣው ኤሌክትሪሺያን ራዳሜስ። ፒንሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። ባትሪዎቹ በኋላ በረንዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚስማማ አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተርም ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከነሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በእመቤታችን አልታግራሲያ ሥዕል ሥር፣ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ ሻማ ይነድዳል።

«ሻጩ ስለ ሻማ ምንም አላለኝም፤» አለች ካሲልዳ።

«ሻጩማ ምን ቸገረው? ባትሪ ሲሞላም ከሞላ በኋላም ጋዝ ይተፋል። በዓይን አይታይም፤ እሳት ሲያገኘው ግን ይፈነዳል። እኔም ለእመቤታችን ያላደረስኩት ስለት አለብኝ፣ እማማ፤ እሷ ትታገሠኛለች። ጋዝ ግን ትዕግሥት የለውም።»

ከሳሎኑ የካሲልዳ ባል የኤሊሂዮ ሳል ተሰማ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ የኦክስጅን ማሽኑም አብሮ ጸጥ ብሏል። ሰውየው የሚተነፍሰው ከመጠባበቂያው ሲሊንደር ነው። ባትሪው የተገዛውም ለዚሁ ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያቸው የፀሐይ ሰሌዳ ስለማይሸከም፣ መብራት ሲመጣ ሞልቶ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያሠራ ባትሪ ይበቃናል ብለው ነው።

ልጇ ያኒሪስ ከክፍሉ እየሮጠች ወጣች።

«እማዬ፣ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው፤ መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል!»

«ሌላ የሚያመጣው መኪናስ?»

«ወንዙ ድልድዩን አጥለቅልቆት ወዲያ ማዶ ቆሟል። ወደ ሆስፒታል የሚወስደውም መንገድ ያው እሱ ነው።» ያኒሪስ ወደ ራዳሜስ ዞረች። «ባትሪው አሁን ይሠራል?»

«ከሱቁ ተሞልቶ ነው የመጣው፤ ለዛሬ ይበቃችኋል። እሳቱን ብቻ አርቁልኝ።»

ካሲልዳ ከሻማው ፊት ቆመች። የመጨረሻ ልጇ ዊልኪን ሥራ ፍለጋ ከሚቼስ ባሕር ዳርቻ በጀልባ ወደ ፖርቶ ሪኮ ደሴት የወጣው ባለፈው ገና ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። «ድምፁን እስክታሰሚኝ ድረስ እሳትሽ አይጠፋም፤» ብላ ለእመቤቲቱ ተሳለች። አንዱ ሻማ ሊያልቅ ሲል ሌላውን ከእሱ ትለኩሳለች። የኦክስጅን ማሽኑ ሲመጣ ሥዕሉንም ሻማውንም ከሳሎን አውጥታ ወደ በረንዳው አመጣቻቸው፤ ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይገባምና። አሁን ደግሞ ባትሪው ከበረንዳው ሊያስወጣት ነው። ከሳሎኑና ከበረንዳው ሌላ ክፍል የላቸውም፤ ውጭው ዝናብና ነፋስ ነው። በገዛ ቤቷ ለአንዲት ሻማ ቦታ ጠፋ።

«እሳቱ ከጠፋ ልጄ ጠፋ፤» አለች።

«ዊልኪን የት እንዳለ እግዜር ያውቃል፤» አለች ያኒሪስ፣ እንባዋ እየቀደማት። «አባዬ ግን ይኸው እዚህ ነው!»

«አንቺም እንደ ኤርሲሊያ ልትቀብሪው ነው?»

ኤርሲሊያ የመንደሩን መተላለፊያ ተሻግሮ ያለው ቤት ባለቤት ናት። ልጇ ዬይሰን ከዊልኪን ጋር በአንድ ጀልባ ነበር የሄደው። ወራት አልፈው ወሬ ሲጠፋ ቁርጧን አውቃ መስኮቷን ዘጋች፤ ሬሳ ሳይኖር የዘጠኝ ቀኑን የሙት ጸሎት አስደረገች። በዘጠነኛው ቀን ካሲልዳ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ሟርተኛ! ልጄን በቁሙ ቀበርሽብኝ!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዷ ደጅ ስትጠርግ ሌላዋ ወደ ቤት ትገባለች።

«ካሲልዳ...» አለ ኤሊሂዮ ከውስጥ።

ገባች። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥፍሮቹም እንደዚያው።

«ለኔ ብለሽ...» አየር አጥሮት ቆመ፤ «ለኔ ብለሽ እንዳታጠፊው።»

«ዝም በል። ትንፋሽህን በወሬ አትጨርስ።» ግንባሩን ሳመችውና ተመልሳ ወጣች። ሻማውን ከነብርጭቆው አነሣች። «ያኒሪስ፣ ዣንጥላ!»

«የት ልትሄጂ ነው?»

ዣንጥላውን አንገቷ ሥር ሸጉጣ፣ እሳቱን በመዳፏ ከልላ፣ በበረንዳው የጎን በር ወጣች። ነፋሱ ነበልባሉን ጎንበስ አደረገው፤ ተመልሶ ቀና አለ። መተላለፊያውን ተሻግራ የኤርሲሊያን በር በእግሯ መታች።

ኤርሲሊያ በጥቁር ልብሷ እንዳለች ከፈተች። ሻማውን አየች፤ ካሲልዳን አየች።

«ቤቴ የሟርት ቤት አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

«እሳቱ እዚያ ካለ ባትሪውን አይቀጥሉትም። ኤሊሂዮ ትንፋሹ እያለቀ ነው። አፈር ስሆን ኤርሲሊያ፣ ነፋሱ ሊያጠፋብኝ ነው፤ መጀመሪያ አስገቢኝና ከዚያ ተቆጪኝ።»

ኤርሲሊያ ገለል አለችላት። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችና አንገቷን ወደ ማዶ አዘነበለች። ካሲልዳም ጆሮዋን ሰጠች፤ የሚሰማው ግን ዝናቡ ብቻ ነበር። ቆይቶ የራዳሜስ ጩኸት፣ ቀጥሎ የማሽኑ ጉርምርምታ መጣ።

«እማዬ! አባዬ በማሽኑ መተንፈስ ጀመረ!» አለች ያኒሪስ ከማዶ።

ኤርሲሊያ ካሲልዳን ሻማውን እንደያዘች ክንዷን ደግፋ አስቀመጠቻት። ከዚያ የካሲልዳ ዓይን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት የዬይሰን ፎቶ ቆሟል። ኤርሲሊያ ፈጥና ከመስኮቱ ሥር አንድ በርጩማ ሳበችና አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

«እዚህ ለብቻው አድርጊው፤» አለች ቀስ ብላ። «የኔ ልጅ የሙት ነው። ያንቺ... ይለያል።»

ካሲልዳ በርጩማውን አየች። ከዚያ ተነሥታ ሻማውን ፎቶው ፊት አስቀመጠችው።

«አብረው ነው የሄዱት፤» አለች። «አብሮ ይብራላቸው።»