ሾተላይ የተባለው

ወሰንየለሽ ደም ማየትን ከመፍራቷ የተነሣ መጸዳጃ ቤት በገባች ቁጥር ቁልቁል ላለማየት ዓይኗን መጨፈን ከጀመረች ቆይታለች።

እህል በረንዳ ውስጥ ከባሏ ከኪዳነወልድ ጋር ምስርና አተር በጅምላ ትሸጣለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ሦስተኛ ወራቸውን ሳይዘልቁ ወርደውባታል። የመጀመሪያው ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ «ጆንያ አንስተሽ ነው» አላት። በሁለተኛው ጆንያ ቀርቶ የውሃ ጀሪካን አልነካችም፤ ያም ወረደ። በሦስተኛው አማቷ እትዬ በለጥሻቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄስ ሾተላይ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ሆዷ ውስጥ አድፍጦ የሚቀጥለውን ልጅ የሚጠብቅ ይመስላት ጀመር።

ዶክተር ኢየሩስ ጋ የሄደችው በዚህ ፍርሃት ነው። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ ደጋግማ አየቻትና ወረቀት ስባ ማህፀኗን ሣለችላት። ሥዕሉ መሃል ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ መስመር ነበር።

«ሾተላይ የምንለው የእናትና የልጅ ደም ሳይስማማ ሲቀር ነው። ያንቺ ደም ፖዘቲቭ ነው፤ አያሰጋሽም» አለች። «ማህፀን ሲፈጠር ሁለት ሆኖ ይጀምርና ይገጥማል፤ መሃሉ ላይ ያለው ግርዶሽም ይጠፋል። ያንቺ ግን አልጠፋም፤ ስትወለጂም አብሮሽ ነበር። ግርዶሹን የሚያለብሰው ሽፋን ደም በደንብ አያገኝም። ፅንሱ እዚያ ላይ ከተተከለ የሚመገበው ያጣል።»

«እኔ ያደረግኩት ነገር ይኖራል?»

«ምንም። ጆንያውም አይደለም።»

ይህን ስትሰማ ቀለል ሊላት ሲገባ ይበልጥ ፈራች። ሾተላይ ቢሆን በጠበልም በጸሎትም ይባረራል ብላ ነበር። ይሄ ግን የራሷ ሥጋ ነው።

ሐኪሟ ሆዷ ሳይከፈት፣ ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር አስገብተው ግርዶሹን እንደሚቆርጡት ነገረቻት። «የምሰጋው አንድ ነገር ነው፤ ቁስሉ ሲድን ሽፋኑ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ይችላል። መድኃኒት እንሰጥሻለን፣ ደግመንም ገብተን እናያለን።»

ኪዳነወልድ ማታ ሲሰማ ራቱን ገፋው። እህቱ ዮርዲ ቀላል ነው ለተባለ ኦፕራሲዮን ገብታ አስከሬኗ ነው የወጣው። «ልጅ ይቅርብኝ። አንቺን ለቢላ አልሰጥም» አለ። ወሰንየለሽም የምታስበው ዮርዲን ነበር።

እትዬ በለጥሻቸው ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ሐኪሟ የሣለችበትን ወረቀት ተቀበሉና ወደ መብራቱ አስጠጉት። መሃሉ ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«ከአንተ በፊት ሁለት ወርደውብኛል» አሉ ለልጃቸው። «እኔንም ሾተላይ አሉኝ፤ እናቴ እንኳ ከእኔ ጋር በአንድ ሳህን መብላት ፈራች። እንዲህ ሥሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።» ከዚያ ወደ ወሰንየለሽ ዞሩ። «ያንን ቃል ባልጣልኩብሽ ጥሩ ነበር። ብትፈቅጂ ሆስፒታል እኔ አብሬሽ እገባለሁ።»

ገቡም። ወሰንየለሽ ራሷ ፈረመች፤ አማቷ ከሥር ምስክር ሆነው አውራ ጣታቸውን አተሙ። ኪዳነወልድ ልቡ ባይፈቅድም ተከትሏቸው መጥቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበር። ማደንዘዣ ስትወጋ የመጨረሻ ሐሳቧ «ብቻ ልንቃ፤ ከነቃሁ ምን ይጎድለኛል?» የሚል ነበር።

ነቃች። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሟ በካሜራ አይታ ሽፋኑ ሳይጣበቅ መዳኑን ነገረቻት። በዓመቱ አረገዘች፤ ፍርሃቱም አብሮ ተመለሰ። ስምንተኛው ሳምንት አለፈ፣ ዘጠነኛው፣ ዐሥረኛው።

በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ከቀትር በኋላ፣ ምስር እየመዘነች ሳለ እርጥበት ተሰማት። መስፈሪያውን አስቀምጣ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጓዳ ገባች። ዓይኗን መጨፈን አልቻለችም፤ አየች፤ ደም ነው።

መኪና እስከ ሱቁ መጠጋት አይችልም ነበር። ያን ቀን አብረዋት ሱቅ የዋሉት እትዬ በለጥሻቸው ክንዷን ይዘው በጋሪና በተሸካሚ መሃል መንገድ እያስለቀቁ አወጧት። «ዞር በሉ፣ እርጉዝ ናት፣ ዞር በሉልን» ይላሉ። ወሰንየለሽ አንድ ሰው ትከሻዋን በገፋት ቁጥር ሆዷ ውስጥ ያለው የሚረግፍ መሰላት።

የምርመራው አልጋ ላይ ስትተኛ ዶክተር ኢየሩስ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዷ ላይ ታንሸራትት ጀመር። ወሰንየለሽ የሐኪሟን ፊት ማየት ፈርታ ጣሪያው ላይ አፈጠጠች።

«ዞር ብለሽ እዪ» አለች ሐኪሟ። ስክሪኑ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጥብ ትርገበገባለች። «ልቡ ነው። እንግዴ ልጁ የተተከለው ከጤነኛው ጎን ነው፤ ደሙ ከጠርዙ ነው የመጣው። ዕረፊ። ግን ምንም አይሆንም ብዬ አልምልልሽም።»

ያ አለመማል ስድስት ወር አብሯት ኖረ። ደሙ ግን አልተመለሰም። በሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት፣ ልጅቷ በእግሯ ዞራ ስለነበር በኦፕራሲዮን ወለደቻት። ኪዳነወልድ አቅፏት ሲያለቅስ አማቷ ስሟን «ኤልሳቤት በሏት» አሉ።

ወሰንየለሽ ልጅቷ እንቅልፍ በወሰዳት ቁጥር ጣቷን ከአፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ትንፋሿን ትጠብቃለች። ትንፋሹ ጣቷን ሲሞቃት እጇን ታነሣለች፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ ታስጠጋለች።