ያለ ወረቀት የተሸጠ እንቅልፍ

በ1980 ዓ.ም. ፀሐይቱ እንቅልፍ አጣች። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና አንድ ልጇን ንዋይን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አድርሳዋለች። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲጀመር ልጁን ኮርኒስ ውስጥ ሸሸገችው፤ ለጎረቤት ሐረር አክስቱ ዘንድ ሄዷል ብላ አስወራች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሊቱን ኮቴ ስታዳምጥ ታነጋለች። ቀን ደግሞ ታይፑ ላይ ፊደል እየዘለለች ስለምትጽፍ አለቃዋ ሁለት ጊዜ ገሠጻት።

ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ለአሥር ቀን የሚሆን የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈላትና ከትልቁ ፋርማሲ በሣጥኑ፣ ከነመመሪያው ገዛች። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ስለነበረ አላነበበችውም። ኪኒኑ ሲያልቅባት ሐኪሙ ዳግመኛ አልጽፍም አለ፤ ፋርማሲውም ያ ዓይነቱ ከውጭ መምጣቱን አቁሟል አላት። ያኔ አንዲት የቢሮ ባልደረባዋ ከገበያው ጀርባ ያለውን የአቶ ራህመቶን መድኃኒት ቤት ጠቆመቻት።

አቶ ራህመቶ የሐኪም ወረቀት አልጠየቃትም። ከትልቅ ቆርቆሮ ጥቂት ፍሬ ዘግኖ በጋዜጣ ጠቀለለላት። የበፊቱ ሰማያዊ ነበር፣ ይኼ ነጭ ሆነባትና ሌላ መድኃኒት እንዳይሆን ጠየቀችው።

«ስሟና መልኳ ነው እንጂ የተለወጠው፣ እሷው ናት» አላት።

ለውትድርና የሚፈለጉትን ቤት ለቤት የሚያስሱት ሰዎች የሚመጡት ሌሊት ነውና ፀሐይቱ ቀን ለመተኛት ቆረጠች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ንዋይ ከላይ ሆኖ እየጠበቀላት፣ አንድ ፍሬ ዋጠች። ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቷ ቀለል አላት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ጎረቤቷ ዘርፉ አጥሩ ጋ ጠብቃ፣ ቅዳሜ የታመመ ልጇን መጥታ ስለጠየቀችላት አመሰገነቻት። ፀሐይቱ ከሌላ ሰው ጋር ያምታታቻት መስሏት ሳቀች። ዘርፉ ግን አልሳቀችም። ፀሐይቱ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጥታ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ የልጁን እጅ ይዛ እንደቆየች፣ ውሃ ቢቀርብላትም እንዳልነካች ነገረቻት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኗ አንዴም አልተርገበገበም ነበር።

«ሌላ ምን አልኩሽ?» አለች ፀሐይቱ።

ዘርፉ ግራ ቀኝ አየች። «ንዋይ ደህና ነው፣ ኮርኒሱ ሰፊ ነው አልሽኝ። እኔ መቃብር ነኝ፣ አትስጊ። ግን ከእኔ ስትወጪ ወደ ቤትሽ አልተመለስሽም። ቁልቁል ነው የወረድሽው።»

ቁልቁል ያለው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው።

ፀሐይቱ ወደ ቤት ተመልሳ አልጋዋ ሥር ያለውን ሌላ ጫማዋን አነሣች። እስከ ተረከዙ አቧራ ለብሷል። ንዋይም በሩ ሲከፈት ሰምቶ ኖሮ፣ ገበያ የሄደች መስሎት ዝም ብሏል። በምሳ ሰዓት እየሮጠች አቶ ራህመቶ ዘንድ ደረሰች። ሰውዬው የምትለውን አዳምጦ ሲያበቃ የቆርቆሮውን ክዳን ገጠመ። ይህን መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ተኝተው ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ያወራሉም፤ ሣጥኑ ውስጥ በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ የእሱ ቆርቆሮ ግን መመሪያ የለውም አላት።

«እንዲህ ብለው ሲመጡ እርስዎ አራተኛዋ ነዎት» አላት፣ ዓይኑን ከባንኮኒው ሳያነሣ። የቀረውን እንድትጥለውም መከራት።

አልጣለችውም። ሳምንቱን ሙሉ ንዋይን የት እንደምታሸሽ ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። ዘመድ ቤት ሁሉ ይታወቃል፤ ኬላው ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። እሑድ ሲደርስ ዓይኗን ሳትከድን ሳምንት ሞላት። ንዋይ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ኮርኒሱ ላይ እንዲወጣ አዘዘችና አንድ ፍሬ ዋጠች።

ስትነቃ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፉ ከነገመዱ ቀዳዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ኮርኒሱ ውስጥ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ንዋይ የለም። የእሷም ሰማያዊ ቀሚስና አንድ ነጠላ የለም። ጩኺ ጩኺ አላት፤ ግን የተሸሸገ ልጅ ጠፋብኝ ተብሎ አይጮህም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰንበታ ከአራት ጥበቃዎች ጋር መጣ። አልጋ ሥር አላዩም፣ ቁም ሣጥን አልከፈቱም። መሰላል ይዘው ነበር የመጡት። ኮርኒሱን ባዶ ሲያገኙት ልጇ የት እንዳለ ጠየቋት፤ አላውቅም ብላ ማለች። እውነቷን መሆኑ ከፊቷ ይነበብ ነበር። ጥበቃዎቹ ሲወጡ ሰንበታ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ እኮ ራስዎ መጥተው ነው የነገሩን» አላት። «ሐዘን አእምሮዎን ነክቶት ይሆናል ብዬ ሳምንት ተውኩት።»

ያን ዕለት ማታ ዘርፉ ያየችውን ነገረቻት። እሑድ ሁለት ሴቶች ተከናንበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አልፈዋል፤ አንዷ ፀሐይቱ ናት፣ ሌላዋ ረጅም፣ ቀሚሱ ያጠራት። ፀሐይቱ ይህን ስትሰማ፣ ልጇ ያለበትን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ፣ ተኝታ የምትሄደው ራሷ፣ እንዳለች ገባት። ዘርፉን እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። በሚቀጥለው እሑድ ኪኒኑን ዋጠች፤ ዘርፉም ከኋላዋ ልትከተላት ደጅ ተቀመጠች።

ስትነቃ ዘርፉን ከግርጌዋ ተኮራምታ አገኘቻት።

«አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄድሽ» አለች ዘርፉ። «በሩ ጋ ስትደርሺ፣ ዞር እንኳ ሳትዪ፣ ‹ዘርፉ፣ ተመለሺ፤ እሷም እንዳትሰማ› አልሽኝ።»

«ማን ናት እሷ?»

«እኔም ጠየቅኩሽ። ‹ፀሐይቱ ናታ፤ ከሰማች ታወጣዋለች› አልሽ።»

ፀሐይቱ የቀረውን ኪኒን ሽንት ቤት ጣለችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ደብዳቤ አልመጣም፣ ወሬም አልተሰማም። እንቅልፏ ያለ መድኃኒት ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሆኖም በሩን በገመድ ከእጇ ጋር አስራ ነበር የምትተኛው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ በወሩ ንዋይ በእግሩ ገባ፤ ጢም አውጥቶ፣ ትከሻው ሰፍቶ። አርሲ ነገሌ እህል ተራ ጆንያ ሲሸከም ኖሯል። እንደነገራት፣ ያን እሑድ እሷው ራሷ አውቶቡስ ተራው ጎን ወደ ቆመ የእህል መኪና ቀጥ ብላ ወስዳው፣ ሹፌሩን ጆቴ ብላ በስሙ ጠርታ አስረከበችው። ጆቴ የሟቹ አባቱ ባልንጀራ ነበር። ፀሐይቱ ሰውዬውን ያየችው በሠርጓ ቀን ብቻ ነው፤ ስሙን ቢጠይቋት ኖሮ አታስታውሰውም ነበር።

«ታዲያ አንዲት ወረቀት እንኳ አትጽፍልኝም?» አለችው።

«አንቺው ነሽ እኮ የከለከልሽኝ፣ እማዬ። ‹ለቀበሌው የነገርኩት ባዶውን ኮርኒስ አይተው እንዲተዉን ነው። እናትህ ስትነቃ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ፣ እንዳትጽፍላት› አልሽኝ። የቀለድሽ መስሎኝ ሳቅኩ። አንቺ አልሳቅሽም።»

ፀሐይቱ ልጇን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። በሳምንቱ የተሳለችውን ጃንጥላ ለማርያም አገባች፣ ለዘርፉም ቀሚስ ገዛችላት። ስትተኛ ለምትነሣው ለዚያችኛዋ ግን ምን እንደሚደረግላት አላወቀችም።