ሁለት ጣት ወደ ቀኝ

ሂርጳ አዲሱን የአየር ጠመንጃ ከካርቶኑ ሲያወጣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማሽተት ነበር። ሌላው ሰው አዲስ ጠመንጃ ሲገዛ ይመዝነዋል፣ ያነጣጥርበታል፣ ቢያንስ ለጎረቤት ያሳያል፤ እሱ ግን አፍንጫውን ሰደፉ ላይ ለጥፎ ቆመ። የፋብሪካ ዘይትና ቀለም ብቻ ሸተተው። ምን ይሸተኛል ብለህ ነው ቢሉት ያፍራል። አሮጌው ጠመንጃ የዶርቃስን የፊት ቅባት ይሸት ነበር፤ ወይም ለሂርጳ እንደዚያ ይሸተው ነበር፣ ያው ነው።

ሂርጳ አምቦ ውስጥ፣ ወደ መዋኛው በሚወስደው መንገድ ዳር የኢላማ ጨዋታ አለው። አንድ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ የተደረደሩ የጠርሙስ ቆርኪዎች፣ አንድ ሳህን ከረሜላ፣ አንድ ጠመንጃ። ቆርኪ የመታ ከረሜላውን ይወስዳል፤ የሳተ ይሳቅበታል፤ ሁለቱም ተመልሰው ይመጣሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያበላው አሮጌው ጠመንጃ ግን በቀደም ሞላው ተሰበረ። ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛው ደግፌ ፈታታው፣ ሁለት ቦታ የተቆረጠውን ሞላ አወጣና፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሂርጳ ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ወሬ ሰምቶ ነበር የመጣው።

ወሬውን ያመጡት የሚኖርበት ግቢ ባለቤት፣ አዴ ሸዋገነት ናቸው። ልብስ እያሰጡ፣ ዞር ብለው ሳያዩት፣ «የዶርቃስ ወንድም ሮብሳን ቅዳሜ ይመረቃል። እሷም ትመጣለች፤ ደውላልኝ ነበር» አሉት።

«ስለ እኔ ጠየቀችዎት?»

«ያ ኢላማ ዛሬም አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።»

እንግዲህ አለ ተብሏል፤ መኖር አለበት። ሂርጳ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ ብሎ የመርካቶን ሻጮች አሰልችቶ፣ ባለ ሞላውን አዲስ ጠመንጃ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ይዞት መጣ።

ዶርቃስ የጊንጪ ልጅ ናት። ጉደር ካምፓስ እጽዋት ስትማር ቅዳሜና እሑድን የእናቷ ዘመድ ከሆኑት ከአዴ ሸዋገነት ዘንድ ታሳልፍ ነበር። እሑድ ከቸርች ስትመለስ ኢላማው ጋ ትቆማለች። ትተኩሳለች፣ ትስታለች፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግማ ትመጣለች። አንድ ቀን ጠመንጃውን እጁ ላይ ጣል አድርጋለት፣ «ጠመንጃህ ውሸታም ነው!» አለችው። ብዙ ሰው እንደዚያ ሳያስብ አልቀረም፤ ፊት ለፊት የነገረው ግን ማንም አልነበረም። ሂርጳ ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ማነጣጠሪያው ድሮ ወድቆ ተጣሟል። ጥይቱ ወደ ግራ ይስባል። ከቆርኪው ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አልሚ።»

ይህን ለደግፌ እንኳ አልነገረውም ነበር። የእንጀራ ገመዱ ነዋ፤ ሰው ሁሉ ከመታ ከረሜላው በምን ይተካል? ሌላው ጎረምሳ ለወደዳት አበባ ይገዛል፤ ሂርጳ የጠመንጃውን ጉድ አወጣላት። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልነበረውም፣ እሷም ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታ አታውቅም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎረምሶቹ ያጨበጭባሉ፣ እሷ ደግሞ ቆርኪው ሲወድቅ ቆርኪውን ሳይሆን ሂርጳን ታያለች። የአሮጌው ሰደፍ እንጨት ጉንጯን ሲቧጭራት ከቁራጭ ቆዳ ልባስ ቆርጣ፣ በቀይ ክር ሰፍታ አለበሰችው። ጠመንጃው እንደዚያ አምሮበት አያውቅም።

ተመርቃ ባኮ፣ በቆሎ ላይ ምርምር ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ አገኘች። ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ ጠመንጃውን ስትመልስለት እንዲህ አለችው፦ «ጊንጪ ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ነው። በሩ ሰማያዊ ነው። ማንም አይጠፋበትም።»

ከዚህ በላይ ምን ትበል? ሽማግሌ ላክ ብላ በገበያ ታስለፍፍ? ሂርጳ «እሺ» አለ። እሺ ብሎ ቆርኪውን መደርደር ቀጠለ። አንድ ጣውላና አንድ ጠማማ ጠመንጃ ይዤ የማንን ደጅ ልርገጥ አለ፤ ትንሽ ልደራጅ አለ፤ ከመስቀል በኋላ አለ። መንገድ ሲዘጋ መንገዱን፣ ስልክ ሲቋረጥ ስልኩን ሰበብ አደረገ። መንገዱም ተከፈተ፣ ስልኩም ሠራ፤ የእሱ ሰበብ ግን አላለቀም። ናፍቆቱም አላለቀም። ወደ ባኮ የሚወርድ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር አንገቱ ሳያዘው ይዞራል፤ ደንበኞቹ ይህን አውቀው አውቶቡስ ሲያልፍ ከሳህኑ ከረሜላ ይሰርቁት ነበር።

አዲሱን ጠመንጃ በመጀመሪያው ቀን ጓሮ ውስጥ ሞከረው። አፈሙዙን ወደ ታች አጠፈ። የአሮጌው ማጠፊያ ሳይጨነቅ እሺ ይል ነበር፤ ይኸኛው ግን ደርቆ ተንጫረረ፣ ሞላውም ውስጥ ውስጡን አጉረመረመ። ወገበ ቀጭኗን የእርሳስ ጥይት አጎረሰውና አፈሙዙን መልሶ ገጠመ። አነጣጠረ። ተኮሰ።

ጧ!

የአየር ጠመንጃ ድምፅ እንዲህ አልነበረም። ከአፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። አዴ ሸዋገነት የያዙትን የልብስ ሳፋ ለቀው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አሉና፣ «ያ ዋቃ! በሩን! በሩን ዝጉት!» ብለው ጮኹ። የጎረቤት በር ተዘጋ፣ የዚያኛው ማዶም ተዘጋ፣ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ ድርግም አለ። አምቦ ላይ ተኩስ ሲሰማ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ በር ይዘጋል፣ ቀጥሎ ልጅ ይቆጠራል። ከእነዚያ የተኩስ ዓመታት ወዲህ የከተማው ጆሮ አልዳነም። ሂርጳ ጠመንጃውን ጥሎ አዴ ሸዋገነትን አነሣቸው።

«ማሎ፣ እባክዎ አዴ ሸዋገነት፣ መጫወቻው ነው። አዲሱ መጫወቻ ነው።»

«መጫወቻ እንደዚህ ይጮሃል? አንተ ልጅ፣ ለእሷ ብለህ እኛን ልትገድለን ነው?»

ከደጅ ደጅ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ። ደግፌ ሰምቶ መጣና አፈሙዙን አሽትቶ፣ «የፋብሪካው ዘይት ነው። ውስጡ የቀረው ዘይት ሞላው በለቀቀው ቁጥር ይቃጠላል። እስኪያልቅ ድረስ ያጨሳል፣ ይጮሃል፣ የፈለገበት ይመታል። ፈረስ እንደሚገራው ግራው፤ ግን እባክህ ከሰው ራቅ ብለህ» አለው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁሉቃ ወንዝ ዳር እየወረደ፣ አሮጌ ጣውላ ገደሉ ላይ አስደግፎ ይተኩሳል። ጥይቱ አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች፣ አንዴ ጭራሽ ጣውላውን ስቶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ሂርጳ በተናደደ ቁጥር አጥብቆ ይይዘዋል፣ ጠመንጃው ደግሞ በተያዘ ቁጥር ይፈራገጣል። ባለ ሞላ ጠመንጃ በተከፈተ መዳፍ ላይ ያሳርፉታል እንጂ አያንቁትም፤ ይህን ለደንበኛ ሁሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቅዳሜ ደረሰ ብሎ ሲጣደፍ ራሱ ረሳው። መዳፉን ሲከፍትለት ሸክሙ ቀለለ። እየዋለ እያደረ ጭሱ ሳሳ፣ ጩኸቱ ታፍኖ ጡፍ ወደ ማለት መጣ፣ ማጠፊያውም ተፍታታ። ሂርጳ የዶርቃስን የቆዳ ልባስ ከአሮጌው ሰደፍ ላይ ቀስ ብሎ አውልቆ ለአዲሱ አለበሰው። ልክክ አለለት።

እንግዲህ ተገራ ብሎ አንድ ቆርኪ ሰቅሎ አለመ። ጥይቱ ከቆርኪው ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አረፈ። ደገመ፤ እዚያው። ጠመንጃውን ሊሰድብ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው የገባው። እጁ ሳያማክረው ወደ ቀኝ እያለመ ነበር። አዲሱ ጠመንጃ ቀጥ ብሎ ነው የሚመታው፤ ጠማማው ሂርጳ ነው። ይህ ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። ከእሷ ጋር የነበረው አንድ ምሥጢር በዚህ ጠመንጃ ላይ አይሠራም።

ብየዳ ቤት ሄዶ ትንሽ የብሎን መፍቻ ተዋሰና፣ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የማነጣጠሪያውን ብሎን ያዞር ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ደግፌ።

«ወደ ግራ እንዲስብ ነው።»

«ቀጥ ያለውን ታጣምመዋለህ? ሰው እኮ የተጣመመ ነው እኔ ጋ የሚያመጣው!»

ሂርጳ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም የነገረው። ካልረሳችኝ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ታልማለች፣ ቆርኪውም ይወድቃል፤ ከወደቀ እናገራለሁ አለ። ደግፌ ሳይቀልድ፣ «ዝም ብለህ ብትጠይቃትስ?» አለ። ሂርጳ ብሎኑን ማዞሩን ቀጠለ።

ዓርብ ከሰዓት ግን ፍርሃት ገባው። ብትረሳስ? እንደ ማንኛውም ሰው ቆርኪው ላይ ቀጥ አድርጋ አልማ ብትስትስ? በቤተሰቧ ፊት ትዋረዳለች፤ እሱ ደግሞ መርሳቷን በዓይኑ ያያል። ያን ለማየት አቅም እንደሌለው አወቀ። ብሎኑን ወደነበረበት መለሰው፣ ሞከረው፣ ቀጥ ብሎ መታ። ትምታና ትሂድ፤ እኔም ሳላውቅ ልቅር አለ። ጊንጪ ድረስ ሽማግሌ መላክ የፈራው ሂርጳ ያው እሱ ነበር፣ አልተለወጠም።

ቅዳሜ መንገዱ በተመራቂና በአበባ ተሞላ። ዶርቃስ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ወንድሟ ሮብሳን በጥቁር ጋውኑ ከአጠገቧ። ፊቷ የባኮ ፀሐይ ነክቶት ጠቆር ብሏል፣ ትንሽም ወፈር ብላለች። ሂርጳ ያዘጋጀውን ሰላምታ ሳያወጣ ቀደመችው።

«አካም ጅርታ፣ ሂርጳ?»

«ጋሪዳ... አንቺ?»

«ደህና ነኝ።» ዓይኗ ጠመንጃው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ቀይ ክር ያለው ቆዳ ላይ። አነሣችውና ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «ይህ ጠመንጃ ዛሬም አለ!»

አዲስ ነው ሊላት ሲል አፈሙዙን አጥፋ ጨርሳ ነበር። ጥይቷን አጎረሰች፣ ጉንጯን ልባሱ ላይ አሳረፈች፣ ግራ መዳፏን ከፍታ ከሥሩ አደረገችለት። ሮብሳን ስልኩን አውጥቶ፣ «ተመልከቱ፣ እህቴ ድሮ አልሞ ተኳሽ ነበረች!» እያለ ለሚያልፈው ሁሉ ይለፍፋል። ሂርጳ ቆርኪውን እያየ ትንፋሹን ያዘ።

ጡፍ።

ቆርኪው ንቅንቅ አላለም። ሮብሳን ሳቀ፣ የቆሙትም ሳቁ። ዶርቃስ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጋ እሷም ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ረስቼዋለሁ መሰለኝ» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ብዙ ጊዜ ሆነኝ እኮ። ደህና ሁን፣ ሂርጳ።»

ሂርጳ ጣውላውን እያየ ነበር። ከቆርኪው በስተቀኝ፣ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ፣ አዲስ ቀዳዳ ነጭ ሆኖ ይታያል። እሷ ዞራ መሄድ ጀምራለች። ወደ ባኮ የሚሄድ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱ ሳይዞር ቀረ።

«ዶርቃስ!»

ቆመች።

«አዲስ ነው» አለ። «ያኛው ሞላው ተሰበረ። ልባስሽን አዛውሬለት ነው እንጂ ጠመንጃው አዲስ ነው። ቀጥ ብሎ ነው የሚመታው።»

«ወደ ግራ አይስብም?»

«አይስብም።»

ዶርቃስ ተመልሳ መጣች። ጣውላው ጋ ሄደችና ቀዳዳዋን አየቻት። ከዚያ ሁለት ጣቷን አጋጥማ በቀዳዳዋና በቆርኪው መካከል አስቀመጠች። ልክ ሆኑ። ጆሮዋ ሥር ቀላ፣ ፊቷን ግን አልሸሸገችም።

«አልረሳሽም» አለ ሂርጳ።

«አልረሳሁም። አንተ ነህ የረሳኸው።»

ይህ እውነት አልነበረም። ግን አንድ እሺ ብሎ ስንት ዓመት ያስጠበቀ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? እዚያው ከጣውላው ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሮብሳንም ስልኩን እንደያዘ፣ ያኔ መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ።

«ጊንጪ ያለው ቤታችሁ... አሁንም መንገድ ዳር ነው?»

ዶርቃስ ጣቶቿን ከጣውላው ላይ አላነሣችም።

«እዚያው ነው» አለች። «አባባም ደህና ናቸው። በሩን አረንጓዴ ቀብተውታል፤ ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው።»