የቴዎ ሬዲዮ ቀይ ቁጥር

«እንዲህ ያለ ጥንታዊ ሬዲዮ ላይ ዲጂታል ቁጥር ይገጠማል? ሽማግሌን ጂንስ እንደማልበስ ነው እኮ!» አለ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ጎረቤት ሂል፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ፣ በወረቀት ኩባያ የያዘውን ቡና እፍ እያለ።

ፔርላ ሰማችው። የባሏ የቴዎ ሬሳ ሳሎኑ መሃል በአበባ ተከቦ ተጋድሟል። በረንዳው ላይ እንደ አገሩ ልማድ ካርታ እየተጫወቱ ሬሳ የሚጠብቁት ለቀስተኞች ይንጫጫሉ።

«ቴዎ ሬዲዮውን አልበሳሳውም» አለች ከወንበሯ ሳትነሳ። «ቁጥሩ ያለበት ቆርቆሮ ላዩ ላይ ነው የተቀመጠው።»

ሂል ደነገጠ። «ማናንግ ፔርላ» አላት እንደ ታላቅ እህት በአክብሮት፤ «ለክፋት አይደለም። ይሠራል እንዴ?»

«ገና ነው። አንድ ሽቦ ይቀረዋል።»

ቴዎ በወጣትነቱ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በየደሴቱ የተበተኑ የድሮ ባልደረቦቹ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ሲገናኙ ያደምጣቸዋል። የእሱ ማስተላለፊያ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ መናገሩ ቀርቶበት መስማቱ ብቻ ነበር የተረፈው። ኋላ የስኳር በሽታው ዓይኑን አደከመውና፣ የሬዲዮው መስታወት ላይ ያሉት የፀጉር ያህል የቀጠኑ መስመሮች ጠፉበት። ፔርላ ታነብለት ጀመር።

«መርፌው ከሰባት አለፍ ብሏል» ትለዋለች።

«አለፍ ማለት ስንት ነው? የሰፈር ሐሜት አደረግሽው እኮ!»

ይሳሳቃሉ። ጓደኞቹ ግን አይገኙም። ስለዚህ ከሩቅ የሚታይ ትልልቅ ቀይ ቁጥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይሠራ ጀመር። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሽቦ መበየጃውን ካውያ የምትይዘው እሷ ነበረች።

«ሲበራ መጀመሪያ ይዋሻል» ብሏት ነበር። «የሚቆጥረው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለውን ሞገድ እንጂ የጣቢያውን አይደለም። ቁልፉን ተጭነሽ ዜሮ ነጥብ አራት አምስት አምስት ቀንስ በይው፤ ያኔ እውነቱን ያወጣል።»

ቴዎ ቁጥሩ ሳይበራ ሞተ።

ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። በልማዳቸው ሬሳ ካለበት ቤት እንግዳ አይሸኝምና ፔርላ ጀርባቸውን እያየች ቀረች። ከቀብሩ በኋላ እህቷ «እኔ ጋ ነይ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ለመነቻት። «ሥራ አለኝ» አለቻት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካውያውን አጋለችና የመጨረሻውን ሽቦ በየደችው። ቀዩ ቁጥር በራ፤ እንዳለውም ዋሸ። ቁልፉን ተጭና እንዲቀንስ አዘዘችው። መዞሪያውን እያዞረች ሰባት ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ አምስት ላይ ስትደርስ የሽማግሌዎች ድምፅ ቤቱን ሞላው። ስም እየጠሩ ነበር፤ የተጠራው ሁሉ «አለሁ» ይላል።

«ቴዎ» አለ አንዱ። «ወንድማችን ቴዎ። ለእሱ ዝም እንበል።»

ሁሉም ዝም አለ። ፔርላ ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች፤ ግን ማስተላለፊያ በሌለው ሬዲዮ ማን ይሰማታል? ሬዲዮው እየሞቀ ሲሄድ የመጨረሻው ቁጥር ሸርተት ብሎ ስድስት ሆነ። በጣቷ ጫፍ ወደ አምስት መለሰችው። እንደገና ሸሸ፤ እንደገና መለሰችው። የሚናገር ሰው አልነበረም። እሷ ግን እጇን ከመዞሪያው ላይ አላነሳችም።